አባቴ የተቀበለው ግጥም

ነገሩ የጀመረው ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የክርስትና ድግስ ነበር። አባቴ መሰንቆውን ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዘዋወራል፤ እኔ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካፖርቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሰው ከበዛበት ቦታ ስገባ በር አጠገብ መቀመጥ ልማዴ ነው። ከዚያ ሆኜ የማየው የአባቴን ጀርባ ነበር። በዚያ የበረዶ ወራት ሳንባው መድከም ጀምሮ ስለነበር በየስንኙ መጨረሻ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል።

መሃል ላይ ቤት እያሻሻጠ የሚኖር፣ ድግስ የማያመልጠው አንድ ሳቂታ ሰውዬ ነበር። መጀመሪያ የሕፃኑን አባት ለከፈው።

«ተቀበል!»

«ወዲህ በል ጌታዬ!» አለ አባቴ፣ ደጋኑን ሳያቆም።

«አባቱ መላጣ፣ ልጁ ባለ ጎፈር፣
ጎረቤት ይጠየቅ፣ ማን ይሆን የሚያፍር።»

አባቴ ተቀብሎ አዜመው። የሕፃኑ አባት መላጣውን በሁለት እጁ ሸፍኖ «ኧረ በሕግ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሚስቱ የወረቀት ናፕኪን ጠቅልላ ወረወረችበት። ሰውዬው ሳቁ ሳይበርድ እጁን ደግሞ አነሳ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር።

«ተቀበል!

ማን ሂድ ብሎት ሄዶ ነው የሚለቀስለት፣
ለወንዝ ዳር ሬሳ ድንኳን አይተከልለት።»

በጦርነቱ አንድ ወንዝ ዳር ስለወደቁ ልጆች ነው የተናገረው። የየትኛው ወገን ልጆች እንደነበሩ እዚህ አልጽፍም፤ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ግን ያውቃል። አባቴ ተቀበለ። ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በያዘው ዜማ ላይ አስገብቶ አዜመው። አንዱ ጠረጴዛ ሳቀ። ከጎኑ የነበሩት እጃቸውን ከትሪው አነሱ።

የአዝማሪ ሥራ እንዲህ ነው። ሰጪው ስንኙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበላል፤ ካልተቀበለ ጋባዡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ቃሉ አእምሮው ሳይደርስ አፉ ላይ ይደርሳል። ዱሮ ስንኙ እዚያው ቤት ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞት ነበር፤ ሰጪውን ሁሉም በዓይኑ ስላየ ማን ምን እንዳለ የሚጠፋው የለም።

ወደምንኖርበት ሰፈር፣ ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ የሚወስደን ባስ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ፣ «አባዬ፣ ምን እንዳልክ ሰምተሃል?» አልኩት።

«ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን መሃል ላይ አላቆምክም?»

«ተቀበል ተብዬ?» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አባቴ ወሎ ውስጥ ከአዝማሪ ቤት ተወለደ። የመሰንቆውን እንጨት የጠረበው፣ ቆዳውን የወጠረው አያቴ ነው። ከዚህ ሌላ አያቴ ያወረሰው አንድ ዜማ ነበር። ስልቱ አምባሰል ነው፤ ግን አባቴ እንደሚለው ከእነሱ ሸለቆ ውጭ የሚያውቀው የለም። መጨረሻው ላይ ድምፁ ሳይታሰብ ዝቅ ብሎ ይወርድና እዚያው ይቀራል፤ አባቴ ይህችን መውረጃ «ቁልቁለቷ» ይላታል። በወጣትነቱ ደሴ ጠላ ቤቶች ውስጥ ተጫውቷል፣ ከሠርግ ሠርግ በእግሩ ዞሯል። ቶሮንቶ ከመጣን በኋላ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሥራ ቀን የቢሮ ሕንፃ ያጸዳ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ከዳንፎርዝ እስከ ብሉር ያለ ድግስ ሁሉ የእሱ ነበር። ሰው ያለ እሱ ሠርግ አይደግስም፤ ከእሱ ቤት ጋር ግን ጋብቻ አይመኝም። እኔን ሲያስተዋውቁ «የአዝማሪው ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው» ይላሉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዲያካክስላቸው። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከደም ናሙና ጋር ነው። ሰው ብዙ አያናግረኝም፤ ይስማማኛል።

ከዚያ ድግስ ላይ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾ ነበር። ቪዲዮው የሚጀምረው ሰጪው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው። የሚታየው አባቴ ብቻ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፈገግ ብሎ፣ ያንን ስንኝ ሲያዜም። ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት እኔም ስልክ ላይ ደረሰኝ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ኮል አደረገችልኝ፤ ለእሱ መደወል ከብዷት ነው።

«የኔ ቆንጆ፣ ጋሼን ለጊዜው አሳርፊያቸው እስቲ። ሰዎች ‘እሳቸው ካሉ ቡክ አናደርግም’ እያሉኝ ነው።»

«ግጥሙ እኮ የእሱ አይደለም።»

«አጥቼው ነው? እዚያው ወጥ ሳወጣ አልነበርኩ? ቪዲዮው ላይ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።»

ከሰደቡት ይልቅ ያሞገሱት ጎዱት። የማናውቃቸው ሰዎች ደውለው «አንጀታችንን አራስከው» ይሉታል፤ አንዱ ሰልፍ ላይ መጥቶ ያንኑ እንዲደግም ጠየቀው። አባቴ «ተሳስተሃል ወንድሜ፣ እኔ የሰርግ ሰው ነኝ» ብሎ ዘጋበት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። መሰንቆውን አልጋው ስር አስገባ።

እሱን ያመመው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ከእኛ በላይ፣ እዚሁ ሕንፃ ላይ፣ እትዬ ይኖራሉ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ፣ አባቴ ሥራ ላይ ሲሆን ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እሳቸው ቤት ነበር። የእህታቸውን ልጅ «ልጄ» ይሉታል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በስልክ ያሳደጉት ልጅ ነው። ያ ልጅ የሞተው ግጥሙ የሚያወራለት ወንዝ ዳር ነው።

መርዶው የመጣው ከክርስትናው ድግስ በፊት በነበረው የበጋ ወራት ነበር። አፓርትመንታቸው ውስጥ ተቀመጥን፤ ሬሳ የለም፣ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። አባቴ መሰንቆውን ይዞ ገባና ሴቶቹ እየሰጡ፣ እሱ እየተቀበለ አስለቀሰ። እትዬ ብዙ ቆይተው አንድ ስንኝ ሰጡት፦

«ሬሳህን ሳላየው፣ አፈር ሳላለብስህ፣
በሰው አገር ሆኜ፣ በምኔ ላልቅስህ።»

አባቴ ሲቀበላቸው ያን ጊዜ ገና አለቀሱ። «አወጣህልኝ፤ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር» አሉት ሲሸኙት።

ቪዲዮው በወጣ በሳምንቱ በራችን ላይ የእኛን ሳህን አገኘን። ለልደት ዶሮ ወጥ ልኬላቸው የቀረ ሳህን ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ባዶውን ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። እትዬ በሕይወታቸው ሳህን ባዶውን መልሰው አያውቁም፤ ሌላ ቢያጡ አንድ ብርቱካን ያኖሩበት ነበር። አባቴ ሳህኑን አንስቶ ውስጡን ትኩር ብሎ አየ።

«ባዶ ነው» አለኝ።

«አየሁት።»

«የለም፣ አላየሽውም» አለ።

ጾሙ ሲጋመስ ኦክስጅን ታዘዘለት። አፍንጫው ስር የምትገባ ቀጭን ቱቦ፣ በጎማ የምትጎተት ትንሽ ማሽን። ሐኪሟ እንደማይድን ለእኔ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ ተርጉሚልኝ አላለኝም። የንስሐ አባቱን ብቻ ጥሪልኝ አለ። ቄሱ መጥተው ካናገሩት በኋላ «ሴትየዋን ታረቅና ቁርባኑን ትቀበላለህ» ብለውት ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ሐሳብ ይኸው ብቻ ሆነ። ሳልታረቅ እንዳልሞት፤ ሌላ የሚፈልገው አልነበረም።

ልማዱ ሽማግሌ መላክ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸውን ሁለት አባቶች ለመንኳቸው፤ ለእኔ ሰው መለመን ምን ማለት እንደሆነ ሳልናገር ይለፈኝ። ትልቁ እጄን ይዘው፣ «የኔ ልጅ፣ የቤት ጠብ ቢሆን ዛሬውኑ በሄድን። ይህ ግን ጦርነቱ ነው። የገባንበት እንደሆን እኛም ለሁለት እንከፈላለን» አሉኝ። ሌላኛው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሰጪው ሄድኩ። እሑድ እሑድ የሚሸጥ ቤት ከፍቶ እንደሚያሳይ አውቃለሁ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ማንም የማይኖርበት፣ ፎጣው ሁሉ በሪባን የታሰረ ቤት ነው።

«የአዝማሪው ልጅ! ቤት ልትገዢ መጣሽ?» ብሎ ሳቀ። «ግቢ፣ ኪችኑን እዪው።»

«ግጥሙን የሰጡት እርስዎ መሆንዎን ለእትዬ ይንገሩልኝ» አልኩት። መንገድ ላይ ስደጋግመው ስለነበር አንድ ላይ ወጣልኝ።

ሳቁ ቀረ። «እኔ ቀልድ ነው የተናገርኩት የኔ እህት። ማን ዝፈነው አለው?»

«‘ተቀበል’ ብለውታል።»

«እና እሳት ውስጥ ግባ ብዬው ቢሆን ይገባ ነበር?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ የኔ ሥራ ከሁሉም ወገን ጋር ነው። ስሜ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሊገባ አይችልም። ጋሼ እንደሆኑ ጡረተኛ ናቸው፣ ምን ይቀርባቸዋል?» አንድ ባልና ሚስት በሩን ከፍተው ሲገቡ ፊቱ ወዲያው በራ፤ በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣችሁ እያለ ትቶኝ ሄደ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አሰርኩ።

ለአባቴ ስነግረው ተቆጣኝ። በሕይወቴ ሲቆጣኝ የማስታውሰው ያን ቀን ነው።

«ማን ላከሽ? የሰጪ ስም አይጠራም! አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«ግን የእሱ ግጥም ነው።»

«ከተቀበልኩ የኔ ነው።» ሳል ያዘው፤ እስኪያልፍለት ጠበቅሁት። «ሲያስጨበጭብ የኔ ነው ብዬ ስወስድ ኖሬ፣ ሲያሳፍር ጊዜ ለባለቤቱ ልመልስ? እንዲያ ያለ አዝማሪ የለም።»

ሌላ የሚሄድ ስላልነበረ እኔ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ በሊፍት ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። እትዬ በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አደረጉት።

«ልኮሽ ነው?»

«አላከኝም። ራሴ ነኝ።»

ሰንሰለቱን አወለቁት። ሻይ ቀዱልኝ፤ ስኳሩን እንደ ልጅነቴ ራሳቸው ጨመሩ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የልጁ ፎቶ አለ፤ የምረቃ ቆቡ ተለቅ ብሎ ጆሮው ላይ ወርዷል።

«አባቴ ታሟል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ሊፍት ውስጥ ሲያስል እሰማዋለሁ።»

«ያ ግጥም የእሱ አልነበረም። የማን እንደሆነ መናገር ግን ከልክሎኛል።»

«እኔ ልንገርሽ፤ የዚያ ቤት ሻጭ ነው። የነበሩት ሁሉ ነግረውኛል።» ለራሳቸው የቀዱትን ሻይ አልነኩትም። «ልጄ፣ ክፉ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው እንዴ? በረሃ ላይ ሰምቻለሁ። እዚህ ሥራ ቦታም ሰምቻለሁ። ቃል ይረሳል። አባትሽ ግን ዜማ ሰጠው። ያውም የልጄን።»

አልገባኝም። ከፊቴ ላይ አወቁት መሰለኝ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ በጉሮሯቸው ያዜሙልኝ ጀመር። ያንን ዜማ ነበር። መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ወርዶ እዚያው ቀረ፤ ቁልቁለቷ። ለልጁ ልቅሶ አባቴ የመታው፣ ክርስትናው ላይም እጁ ላይ የነበረው ይኸው ዜማ ነው። እኔ ሁለቱም ቦታ ነበርኩ፤ ከልጅነቴ ስለምሰማው ጆሮዬ እንደ ግድግዳ ቀለም አልፎታል።

«አሁን ልጄን ላለቅስ ቁጭ ስል የሚመጣልኝን ግጥም ታውቂዋለሽ?» አሉ። «የኔ አይደለም። ያኛው ነው። ዜማው ሲመጣ እሱን ይዞ ይመጣል። ሬሳውን አላየሁም፤ መቃብሩን አላውቀውም። የነበረችኝ ያቺ ለቅሶ ናት። እሷን ነው የወሰደብኝ። ይህን ንገሪው።»

በደረጃ ወረድኩ። እያንዳንዱ ወለል ላይ ቆሜ፣ ባልነግረው ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሊሞት የደረሰ ሰው ነው። ግን በቃሉና በሰጪው ሲጨነቅ፣ ያልበደለውን ሲናዘዝ ሊሞት ነው። ገብቼ ነገርኩት።

አባቴ መሰንቆውን ከአልጋው ስር አውጪልኝ አለ። ደጋኑን አላነሳም፤ የግራ ጣቶቹን ጭራው ላይ አድርጎ የዜማውን መንገድ ያለ ድምፅ ተከተለ፣ ቁልቁለቷ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እውነቷን ነው» አለ። «አባቴ ይህን ለልቅሶ ብቻ ነበር የሚመታው። ሠርግ ላይ ምታልን ቢሉት ‘ቤታችሁ ሰው ይሙት እንዴ?’ ይላቸው ነበር። እኔ እዚህ መጥቼ ማን ይለየዋል አልኩ። ያምራል፣ ሰው ይወደዋል፣ በየድግሱ መታሁት። ማንም ለይቶት አያውቅም። አንዲት ሴት ለየችው።»

በማግስቱ፣ «ድንጋይ ፈልጊልኝ» አለኝ። በእነሱ አገር በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ካነሳለት ማረው ማለት ነው።

«አባዬ፣ ይህን ማሽን መጎተት አቅቶህ ድንጋይ?»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ድንጋይም ሳንባ ይጠይቃል» ብሎ ፈገግ አለ። ዓይኑ ወደ መሰንቆው ሄደ። «እሱን አምጪው። ከድንጋይ ይከብዳል።»

መሰንቆውን በማጅራቱ ላይ አጋድሜ፣ በነጠላዬ ከሁለቱ ትከሻው ጋር አሰርኩለት። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሊፍቱ ውስጥ ጎንበስ እንዳለ ቆመ፤ ቀና ቢል የመሰንቆው አንገት ግድግዳውን ይነካ ነበር። የእትዬ በር ፊት ስንደርስ ልደግፈው ብል እጄን ገፋው። አንዱን ጉልበቱን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ፣ በመዳፉ ግድግዳውን ተደገፈ። የታጠበ ልብስ በቅርጫት የያዘ ጎረቤት ከኋላችን መጣና፣ አይቶን ይቅርታ ብሎ፣ በግድግዳው ተጠግቶ አለፈ። አንኳኳሁ።

«እመይቴ» አለ አባቴ በሩ ሲከፈት፤ ቀና አላለም። «ስለ ማርያም ማሩኝ። ቃሉን አይደለም። ዜማውን።»

እትዬ ቆመው አዩት። ወደ እኔም አልተመለከቱም። ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ፤ ጣታቸው በሪህ የተጣመመ ስለሆነ ብዙ ቆዩበት፤ እኔ ግን ልርዳዎት ማለት አልደፈርኩም። መሰንቆውን ከአንገቱ አነሱት። ነጠላዬን አጥፈው ትከሻው ላይ አኖሩለት። ከዚያ መሰንቆውን ይዘው ገቡና በሩን ዘጉት። አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ሊፍቱ ውስጥ አባቴ፣ «አነሳችው አይደል?» አለኝ።

«አነሱት።»

«ካነሱ ማሩ ማለት ነው። እንዲያ ነው ልማዱ።»

በራችን ጋ ስንደርስ ደግሞ፣ «ግን አፍ አውጥታ አላለችም» አለ።

የቀረውን ዕድሜውን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ጨረሰው። ጧት ሲነሳ «አንስታለች» ይላል፤ ከምሳ በኋላ «አፍ አውጥታ አላለችም» ይላል። ሆስፒታል ሲገባም ይህንኑ ይዞ ገባ። ለነርሷ ሳይቀር ሊያስረዳት ይሞክራል፤ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ያነሳል፣ እሷም አንገቱን ያመመው መስሏት ትራሱን ታስተካክልለታለች። አንድ ቀን እትዬን እንዲመጡ ልለምናቸው ብዬ ብነሳ ክንዴን ያዘኝ። «ተለምኖ የተባለ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? አብሽሪ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

ቄሱ ሥጋ ወደሙን ሊያቀብሉት ተዘጋጅተው «ታርቀሃል?» ሲሉት፣ እኔ አዎን እንዲል በዓይኔ ለመንኩት። አባቴ ጣራውን አየ።

«አላውቅም አባ» አለ።

ቄሱ ጥያቄውን በሌላ አነጋገር ደግመው ጠየቁት፣ እሱም ያንኑ መለሰ። ጸሎት አድርገውለት፣ ከራሱ ላይ መስቀላቸውን አሳርፈው ሄዱ። አባቴ ሳይቆርብ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ንጹሕ ፒጃማ ላመጣለት ቤት ደርሼ ስመለስ መጋረጃውን ስበውት ደረስኩ።

የቀበርነው በረዶው ቀልጦ ሣሩ ገና ባልበቀለበት ጊዜ ነው። ሠርጋቸውን ያደመቀላቸው ሰዎች ቢመጡ ኖሮ መካነ መቃብሩ ባልበቃ ነበር፤ የመጣው ሰው በጥቂት መኪና ተጭኖ ተመለሰ። ከቀብር መልስ ቤታችን ውስጥ ተቀመጥን። አስለቃሽ አልነበረም። ሁሉም ድምፁን አጥፍቶ ስለ መንገዱ ጭቃ ያወራል።

እትዬ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ በር አጠገብ፣ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ዓይነት ቦታ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፣ ምንም አልቀመሱም። ሲነሱ ግንባሬን ይዘው «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። ልጠይቃቸው የፈለግሁትን ሰው ስለነበረ ለነገ አቆየሁት።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ልጆች የባህል ሙዚቃ ምሽት የሚያዘጋጅ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። «ሶ ሶሪ» አለኝ። «ጋሼ እኮ ላይብረሪ ነበሩ። መሰንቆአቸውን ብትሰጪን መስታወት ውስጥ እናስቀምጠዋለን፣ ስማቸውን እንጽፍበታለን፣ ልጆች ይማሩበታል። ሌጋሲያቸው እንዳይጠፋ።» በቅንነት ነው የተናገረው። ቪዲዮውን አንስቶ «ሰው ይረሳዋል» አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት።

በማግስቱ ጧት፣ ፊቴን ታጥቤ መሰንቆውን ልቀበል ወጣሁ። እትዬ ከማንኳኳቴ ከፈቱልኝ፤ ያልተኙ ይመስላሉ። መሰንቆው ሶፋው ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ተጋድሟል።

«ልትወስጂው ነው? ውሰጂው። የአባትሽ ነው» አሉኝ።

ወደ ሶፋው አልሄድኩም። «አባቴን ይቅር ብለውት ነበር?» አልኳቸው።

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከአንገቱ አወረድኩለት» አሉ። «ከዚያ በላይ አልሆነልኝም። ዛሬም አልሆነልኝም። ብዋሽሽ ደስ ይልሻል?»

«አይለኝም።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነው።»

ፎጣው ከመሰንቆው አንገት ላይ ሸርተት ብሎ የአባቴ ጣት ያለሰለሰው እንጨት ይታያል። ልነካው ፈልጌ ነበር። ከአንገቱ ያወረዱለትን ይዤ ብወጣ፣ ያደረጉለትን ያችኑ ጥቂት ምሕረት እንኳ መልሼ የምወስድበት መሰለኝ።

«እዚሁ ይሁን» አልኳቸው።

«እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

«እንጃ። ያወረዱት እርስዎ ነዎት።»

አልተከራከሩኝም። ፎጣውን መልሰው አለበሱትና እስከ በሩ ሸኙኝ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለወጣቱ ደወልኩ። መሰንቆው እኔ ጋ የለም አልኩት።

«የት ሄደ?»

«አባቴ ለሰው ሰጥቶታል።»

«ኦ ኖ» አለ፤ በእውነት አዝኖ ነበር። «ዜማዎቹንስ? የቤተሰብ ዜማ ነበራቸው ይባላል። አንቺ ታውቂዋለሽ? ሪኮርድ ብናደርግሽ?»

እስከ ቁልቁለቷ ድረስ አውቀዋለሁ፤ አላውቀውም አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራ የሚወስደኝን ባስ ልይዝ ወረድኩ።